«በፈቃዱ» ብሎ የጻፈ እጅ

(ሰኔ 19 ቀን፣ የስቃይ ሰለባዎችን ለመደገፍ የሚታሰበውን ዓለም አቀፍ ቀን ምክንያት በማድረግ ደሴ ላይ በተደረገ ስብሰባ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን የወጡት ጥቂት ድግግሞሾች ብቻ ናቸው።)

እንደምን አረፈዳችሁ! አሰላሙ ዐለይኩም!

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ፊት የተቀመጣችሁ ሼኾቻችንና ቄሶቻችን፤ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወጣቶች! እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ፤ ማንም ጥያቄ አይጠይቃችሁም። ዛሬ ጦሳን ያየው ሰው አለ? እኔ ከሆጤ ስመጣ ተራራው ይቅርና ከፊቴ የምትሄደው ባጃጅ እንኳ አልታየችኝም። በዚህ ጉም፣ በዚህ የሰኔ ጭቃ፣ ስለ ግርፋት ለመስማት ከቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ።

አዘጋጆቹ ሠላሳ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሰብሳቢያችን ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እያየችኝ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ፍርድ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ፍርድ ቤት የኖረ ሰው ቀጠሮ ማራዘም ያውቅበታል። (ሳቅ)

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ እኛ ግርፋት የምንለው፣ ሕጉ ማሰቃየት የሚለው ነገር ምን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ግርፋት ከገራፊው ሌላ ማን ማንን እንደሚፈልግ። ሦስተኛ፣ እኛ ደሴ ላይ ቁጭ ብለን ምን ልናደርግ እንደምንችል። ከሦስቱም በፊት ግን የራሴን ጉድ ላውጣ። እሱን ደብቄ ስለ ሌላው ባወራ ደግ አይሆንም።

በ1978 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚህ ራቅ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ስሟን ተዉት፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ያስቀጠረኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነው። እውነቴን ነው! ቤቱ የነበረችው አንዲት የጽሕፈት መኪና ነበረች፤ እሷም ፊደል ትዘላለች። ስለዚህ ዳኛው የሚያምር እጅ ያለው ልጅ ፈለጉ፤ እኔም ተገኘሁ።

በዚያው ዓመት ከገበሬ ማኅበር መጋዘን እህል ተሰረቀ። አስቡት! የሰባ ሰባቱ ረሃብ ገና ከደጃችን አልራቀም። የቀበርናቸውን አልቅሰን አልጨረስንም። በዚያ ሰዓት እህል የሰረቀ ሰው ነፍስ ከገደለ ለይቶ የሚያየው አልነበረም። ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ ከላይ ደግሞ «ሌባው በአስቸኳይ ይቅረብ» ተብሏል። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ይዘው መጡ። አርባ ዓመት የሚጠጋው ገበሬ ነው። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቱን ደግፈው አስገቡት። ጫማ የለውም። ያኔ ገበሬ በባዶ እግሩ መሄዱ ብርቅ አልነበረም። የሱ እግር ግን በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ጥቅሉን አይቻለሁ። አይቻለሁ! አይቼ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ዳኛው ጠየቁት። «ይህን ቃል የምትሰጠው በፈቃድህ ነው?» ሰውዬው መጀመሪያ በሩ አጠገብ የቆመውን ሰው አየ። ከዚያ «አዎ» አለ።

«ስንት ኩንታል ነው የወሰድከው?»

ምን ብሎ እንደመለሰ ታውቃላችሁ? «ስንት ነበር ያልኩት?» አለ። ዳኛውን ሳይሆን በሩ አጠገብ ያለውን ሰው ነው የጠየቀው። ያም ሰው «ስምንት» አለው። «ስምንት» አለ ሰውዬው። እኔም ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ከታች ደግሞ «ተጠርጣሪው ይህን ቃል የሰጠው ሳይገደድ በፈቃዱ መሆኑን ተጠይቆ አረጋግጧል» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። አሳምሬ! የ«ፈ»ን እግር ሳይቀር አሳምሬ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር የኔ ፈጠራ አይደለችም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 35፣ ፍርድ ቤት የእምነት ቃል ከመመዝገቡ በፊት ሰውዬው ቃሉን በፈቃዱ የሚሰጥ መሆኑን ጠይቆ እንዲያረጋግጥና ይህንኑ በመዝገቡ ላይ እንዲጽፍ ያዝዛል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያቺን ዓረፍተ ነገር በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ አድርገው ነው ያቆሟት፤ በዱላ የወጣ ቃል በዚያ በር እንዳያልፍ። እኔ ዘበኛውን አስተኝቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ከሦስት ወር በኋላ እህሉ ተገኘ። የሰረቀው የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ራሱ ነበር። ገበሬው ተፈታ። የጠየቀ የለም፤ የካሰ የለም፤ ይቅርታ ያለ የለም። እኔም ዝም አልኩ።

ዓመታት አለፉ። በ1994 ይሁን በ95 እንጃ፣ እዚሁ ሰኞ ገበያ ጌሾ ልገዛ ሄድኩ። ጌሾ ከዘረጉት መካከል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አጠገባቸው አጋድመው ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና፦

«አንተ ልጅ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አይደለህም?»

«ነኝ ጋሼ» አልኩ። ጉልበቴ ከዳኝ።

«እጅህ እንዴት ያምር ነበር!» አሉኝ። «ማንበብ እንኳ አልችልም። ግን ያን ቀን እጅህን ነበር የማየው። ሌላው ሁሉ ፊቱን አዙሮብኝ አንተ ብቻ አጎንብሰሃል። እግሬን የምታይ መስሎኝ ነበር።»

(ዝምታ)

ጌሾውን በሙሉ ዋጋ ሸጡልኝ። አምስት ሳንቲም አልቀነሱም። በልቤ አመሰገንኳቸው፤ ቢቀንሱልኝ ኖሮ እዚያው ገበያ መሃል አለቅስ ነበር።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን አይደል? ጥሩ ተረት ነው። ግን ሦስተኛውን ሰው ትቶታል። አልወጋ፣ አልተወጋ፣ ቆሞ ያየ። ወይም አጎንብሶ የጻፈ። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ሦስተኛ ሰው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከወጋውም ከተወጋውም እሱ ይበዛል ብዬ እጠረጥራለሁ። አትቀየሙኝ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ። ማሰቃየት ምንድን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1984 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1977 መሆኑ ነው። ኒውዮርክ ላይ እጅ ሲወጣ ወሎ ላይ መቃብር ይቆፈር ነበር፤ የሰማውም አልነበረም። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1987 ነው። ዛሬ የተሰበሰብንበት ሰኔ 19 ከዚያ የመጣ ነው። ቀኑ በየዓመቱ እንዲታሰብ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታሰበውም በ1998። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው።

ስምምነቱ ምን ይላል? ብርቱ ሕመም ወይም ስቃይ፤ በአካልም ሆነ በመንፈስ። አስተውሉ፣ በመንፈስም ይላል! ልጁን አጠገቡ አምጥተው «አሁን እሱን ነው» ቢሉት፣ እጃቸው ባይነካውም አሰቃይተውታል። ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆን አለበት። ዓላማም አለው፤ ቃል ለማውጣት፣ ለመቅጣት፣ ለማስፈራራት፣ ወይም በማንነቱ ለይቶ ለማጥቃት። የመጨረሻው ደግሞ የመንግሥት ባለሥልጣን እጅ ነው። እሱ የፈጸመው፣ ያዘዘው፣ ወይም እያወቀ ዝም ያለው። ዝም ያለው!

«ታዲያ ካኪ ያልለበሰው ታጣቂ ሲያደርገውስ?» የሚለኝ አለ። በ2014 ይህች ከተማ ያየችውን የምታስታውሱ ሰዎች ብትጠይቁኝ አይገርመኝም። ለዚያ ደግሞ የጦርነት ሕግ አለ። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች በጋራ አንቀጽ 3 ማሰቃየትን በጦርነት ውስጥ ባለ ወገን ሁሉ ላይ ይከለክላሉ፤ መንግሥት ይሁን አማፂ። የኛ ሰው ሲያደርገው ምርመራ፣ የነሱ ሰው ሲያደርገው ግፍ የሚባል ነገር የለም።

የእኛ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 18 ላይ ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 93 ደግሞ ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲናገር፣ አዋጁ የማይነካቸው ብሎ ከቆጠራቸው ጥቂት አንቀጾች አንዱ ይኸው 18 ነው። ስለዚህ «ጊዜው አስቸኳይ ነው» ብሎ መግረፍ አይቻልም። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለትም አያድንም፤ ስምምነቱ በግልጽ ዘግቶታል። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 424 ላይ እንዲህ ያለውን ድርጊት ይቀጣል። ከባድ ሲሆን እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት፤ ያዘዘው ባለሥልጣን ደግሞ እስከ አሥራ አምስት። ከባድ ካልሆነ ግን በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ሊያልፍ ይችላል። የሰውን ውስጥ እግር የገረፈ ሰው በገንዘብ! እኔ የሕጉ አክባሪ ነኝ፤ ይህ ግን አይዋጥልኝም። ማሰቃየት በስሙ ተጠርቶ፣ በልኩ ሊቀጣ ይገባል።

ከነጥቤ ትንሽ ልውጣ። አያቴ ስለ ሌባ ሻይ ይነግረኝ ነበር። ወጣቶቹ አታውቁትም። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል፤ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። አለቀ! ሌላ ማስረጃ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ አውጫጭኝ ነበር። አገሬው አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ ሥራ ይፈታል፤ ያየ የሰማ እስኪናገር ወደ ቤት መሄድ የለም። አውጫጭኝም የራሱ ግድፈት አለበት፤ ድሃና ባይተዋር ላይ ይበረታል። ግን ቢያንስ ሰው ይጠይቅ ነበር እንጂ እግር አይጠይቅም። አያቴን «ሌባ ሻዩ ያዘ የሚባለው ስንቱ ነው በእርግጥ ሌባ የነበረው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና «ልጁ የሚገባው የተከፈተ ቤት ነው ልጄ። በሩን የዘጋ አይያዝም» አለኝ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚል ተረት አለን። መርማሪው ዱላውን ብቅል አድርጎት ቁጭ አለ። ብቅልስ እውነት ሊያወጣ ይችላል፤ ሰክሮ የሚያወራ ሰው ስንት ጉድ ያወጣ የለም? ዱላ የሚያወጣው ግን የገራፊውን ሐሳብ ነው፤ ቀድሞ ከሱ ሆድ የነበረውን። ስምንቱ ኩንታል ከማን ሆድ ነበር የወጣው?

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ልድረስ፤ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። ግርፋት ከገራፊው ሌላ ማን ማንን ይፈልጋል? ጸሐፊ ይፈልጋል፤ እኔን አያችሁ። ዳኛ ይፈልጋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ የቀረበለትን ሰው «እንዴት ነህ?» ሳይል «የጊዜ ቀጠሮ ተፈቅዷል» የሚል። ሐኪም ይፈልጋል፤ «ወድቆ ነው» ብሎ የሚጽፍ። ጎረቤትም ይፈልጋል፤ ጩኸት ሲሰማ ሬዲዮ የሚጨምር።

ስለ ሐኪሙ ትንሽ ልበል፤ እዚህ የጤና ባለሙያዎች እንዳላችሁ አውቃለሁና። በደርግ ጊዜ «ወፌ ላላ» ይባል የነበረውን አባቶች ታውቁታላችሁ። እጅና እግር ታስሮ፣ በዘንግ ተንጠልጥሎ፣ ውስጥ እግር ይገረፋል። ለምን ውስጥ እግር? ልብስ ስለሚሸፍነው አይደለም፤ ሰው ስለማያየው ነው። ማን የማንን ውስጥ እግር ያያል? ቀለሙ በቀናት ይለወጣል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ከላይ የሚታየው ይጠፋል። ከሥር ያለው ግን ይቆያል። ተረከዛችን ውስጥ እንደ ትራስ ሆኖ ክብደታችንን የሚሸከም ሥብ አለ፤ በዱላ ብዛት ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዕድሜ ልኩን በእሾህ ላይ እንደሚሄድ ይሆናል። የጌሾውን ሽማግሌ አረማመድ አይቼዋለሁ። ብዙ ሥጋ ከተቀጠቀጠ ደግሞ ከጡንቻው የሚወጣው ነገር ኩላሊት ሊዘጋ ይችላል፤ «እግሩን ነው የመቱት» የተባለ ሰው በኩላሊት ይሞታል።

የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል መመሪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበ፣ በ2022 የታደሰ። ሐኪምና የሕግ ሰው ስቃይን እንዴት መርምረው እንደሚመዘግቡ ያሳያል። ሰውየውን ብቻውን አነጋግሩት፤ ያመጣው ፖሊስ ክፍል ውስጥ አይቁም። ራሱ እንዳለው ጻፉ። የአካል ሥዕል ላይ ምልክት አድርጉ፤ ፎቶ አንሱ። ደግሞ ምልክት አለመገኘቱ ስቃይ አለመድረሱን አያሳይም። ይቺን የመጨረሻዋን ዳኞች ደጋግማችሁ ብታነቧት!

አሁን ስለ ጎረቤቱና ስለ ቤተሰቡ። የአክስቴ ልጅ በ1970 ዓ.ም. ተይዞ ከስድስት ወር በኋላ ተለቀቀ። ቀይ ሽብር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ተማሪ። ከእናቱ ቤት መሄድ አልፈለገም፤ እኛ ቤት መጣ። እናቴ እንደ ወሎ እናት ሁሉ ደጅ ላይ ተቀብላ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አለችው። ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ አብሽር። ቡና ተፈላ፤ አብሽር። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፤ አብሽር። እሱ ዝም።

አብሽር ቆንጆ ቃል ነው። ከኛ አገር ቃል ሁሉ ቢያስመርጡኝ እሱን ነው የምወስደው። ግን ሰው ሳይናገር ስንለው ትርጉሙ «አትናገር» ይሆናል። «አይዞህ፣ አልፏል፣ ተወው» እያልን አፉን እንዘጋዋለን። እኛ የምንፈራው የሱን ታሪክ መስማት ነው፤ ለሱ ያዘንን እየመሰለን።

ማታ እናቴ ውኃ አሙቃ ልታጥበው መጣች። እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ ወጋችን አይደል? ልጁ እግሩን ሰብስቦ ግድግዳው ጥግ ገባ። ያ ልጅ እንዲያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። እናቴ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ምንም አላለችም። በማግሥቱ ማታ ደግማ ውኃ አሞቀች፤ አጠገቡ አስቀምጣ ወጣች። በሦስተኛውም። በአራተኛውም። «ለምን ታሞቂያለሽ? እሱ እንደሆነ አይታጠብ» ስላት «ውኃ ነው የማሞቀው፤ ምን አገባህ?» አለችኝ። አንድ ዓመት ከምናምን! አንዳንድ ቀን እንጨት ሲጠፋ ለእራት የተረፈውን ነው የምታነድደው። አንድ ምሽት ወጥ እያማሰልኩ ዞር ስል እግሩን ዘርግቶ ሳህኑ ውስጥ ከቶታል። እሷም ከእግሩ ሥር ተቀምጣለች። አላጠበችውም። ታየዋለች። ያን ምሽት ነው ያወራት። ምን እንዳወራት አልነገረችኝም፤ ዘንድሮ ሞታ አሥራ ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ይዛው ሄደች።

ኮፐንሀገን ውስጥ ኢንገ ገነፍከ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምራ ከባልደረቦቿ ጋር ስቃይ የደረሰባቸውን ስትመረምር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የማገገሚያ ማዕከል አቋቋመች። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ብዙ ማዕከሎች ተከፍተዋል። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለሰለባዎች መርጃ የፈቃድ ፈንድ አለው። የካሳና የማገገም መብት በስምምነቱ አንቀጽ 14 ተጽፏል፤ ምጽዋት አይደለም፤ መብት ነው። እኔ ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ሳህኗ ፈንድ አልነበራትም።

ሦስተኛ። ደቂቃዬ አልቋል፤ ቀጠሮ ይራዘምልኝ። (ሳቅ)

ምን እናድርግ? «እኛ ምን አቅም አለን?» የሚለውን ተዉት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1972 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ማሰቃየት ከምድር እንዲጠፋ ብሎ ዘመቻ ጀመረ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት በመግለጫ ደረጃ ማሰቃየትን አወገዘ፤ በ1984 ስምምነቱ መጣ። ፊርማው የማን ነበር? የአስተማሪ፣ የጡረተኛ፣ የቤት እመቤት። እ.ኤ.አ. በ1973 መጋቢት ደግሞ ብራዚል ውስጥ ለታሰረ ሉዊስ ሮሲ ለሚባል ፕሮፌሰር የመጀመሪያው የአስቸኳይ ደብዳቤ ጥሪ ተላለፈ። ከየአገሩ ደብዳቤ ጎረፈ፤ በዚያው ዓመት ተፈታ። ገራፊ ከምንም በላይ የሚፈራው ስሙን የሚያውቅ ሰው መኖሩን ነው። የሩቅ ሰው «እገሌ የት ነው? ደኅና ነው?» ብሎ ሲጽፍ፣ እገሌ ከጨለማው ወጥቶ ሰው ይሆናል።

የሩቁን ካልወደዳችሁ የራሳችንን ልንገራችሁ። ከልቤሳ ነገዎ የሚባል ሰው በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9፣ ከቀበሌ በላይ ያለ አስተዳደር ነው፣ ሊቀ መንበር ነበር። ከዓመታት በኋላ አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሲሠራ፣ እዚያው ሆቴል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አየችው። በሱ ከፍተኛ ታስረው ከተሰቃዩት አንዷ ናት። አስቡት፤ ያሰቃያትን ሰው በሥራ ቦታዋ! ሮጣ አልሸሸችም። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆና ከሰሰችው። የአትላንታው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ለያንዳንዳቸው አምስት መቶ ሺህ ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሰውየው ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ፤ እዚህ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ስለነበር ወኅኒ ወረደ። ሦስት ሴቶች! ጦር የላቸው፣ ሥልጣን የላቸው። ፊቱን አልረሱም፤ አለቀ።

በአገራችንም ማዕከላዊ የሚባለው የአዲስ አበባው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው መንግሥት ሰው ሲያሰቃይ እንደነበር አምነዋል። ይህን ማመን ትንሽ ነገር ነው አልልም። ግን ሕንፃ ይዘጋል፤ ልማድ በየጣቢያው ጓዳ ይቀራል። ከስምምነቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀ። ገለልተኛ ጎብኚዎች ሳይነገርላቸው ማንኛውም እስር ቤት ገብተው እስረኛን ብቻውን እንዲያነጋግሩ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። ትቀበል! ይህን መጠየቅ ፖለቲካ አይደለም። ጓዳው ንጹሕ የሆነ ቤት እንግዳ አይፈራም።

ለየቤታችን ደግሞ ይህን ብቻ ያዙልኝ። ሰው ሲያዝ ሰዓቱን ጻፉ። ሕገ መንግሥቱ 48 ሰዓት ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ሰዓቱን ያልጻፈ ቤተሰብ ምን ብሎ ይከራከራል? ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት መብት አለው። ሼኾቻችን፣ ቄሶቻችን፤ ስማችሁ ሕጉ ውስጥ አለ፤ ሂዱ እንጂ! ወሎ ሲጣላ አስታራቂው አበጋር ወጥቶ መሃል ይቀመጣል፤ እስር ቤት ደጃፍ ላይ ግን አበጋር አይቼ አላውቅም። ሰው ሲለቀቅ ደግሞ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሁለት ሳምንት ከጠበቃችሁ ቆዳው ክዶታል። ወደ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት በሉ፤ ወደ ኢሰመጉ፣ ማለት ወደ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ፣ ሂዱ። የምታመለክቱት ቀን ባይሰማችሁም ወረቀቱ ይቀመጣል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ማሰቃየት በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሲሆን በይርጋ አይታገድም፤ ምሕረትም አያሽረውም። የዛሬዋ ወረቀት ከሃያ ዓመት በኋላ ምስክር ልትሆን ትችላለች።

አንድ ወጣት ከኋላ እጁን አውጥቷል፤ ገባኝ። «ነፍሰ ገዳዩስ? የልጄን ገዳይ አትንኩት ልትሉኝ ነው?» ልትል ነው። ወንድሜ፣ የልጅህ ገዳይ ይያዝ፣ ይፈረድበት። ግን የተገረፈው ሰው «እኔ ነኝ» ባለ ቀን እውነተኛው ገዳይ ሰርግ እየበላ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ሦስት ወር ሙሉ እንጀራውን በልቶ ተኝቷል። እኔ ነኝ ያስተኛሁት።

በሉ ልጨርስ። ከበሩ በስተግራ ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። ወረቀት አለ፤ ፖስታ አለ። ፕሮቶኮሉ እንዲጸድቅ የሚጠይቀውን ደብዳቤ የሚፈርም ይፈርም። ስለ ራሱ ወይም ስለ ዘመዱ የሚናገረው ያለው ደግሞ ከጎን ያለችው ክፍል ባዶ ናት፤ አንድ ነርስና እኔ አለን። ማንበብና መጻፍ ለማይችል እኔ እጽፋለሁ፤ እጄ አሁንም አይከፋም። እናንተ እንዳላችሁት ነው የምጽፈው፤ አንድ ቃል አላሳምርም። ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት ግን «እግርዎን ያሳዩኝ» ስላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ሙቅ ውኃም አለ።